ለጀማሪ የሚሰጥ ገንዘብ፦ ከደብረ ማርቆስ የተነሣ አንድ ጥያቄና 35 መልሶች

የጎጃም ልጆች ስለ ሥራና ንግድ በሚያወጉበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ የውይይት ክር ረዝሞ ነበር። ብዙዎቻችሁ መሐል ላይ እንደተዋችሁት እገምታለሁ፤ የባሕር ዳር ጉዳይ ገብቶ አደፈረሰው። እኔ ግን እስከ ታች ወርጄ አንብቤዋለሁ። ላመለጣችሁ እንዲህ ነበር።

ጠያቂው ደብረ ማርቆስ የሚኖር ወጣት ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ሥራ ጀምሯል። ከአዲስ አበባ ቢራ ወይም ሲሚንቶ ጭኖ የመጣ አይሱዙ ባዶውን እንዳይመለስ፣ ጤፍና በቆሎ የሚያስጭን ነጋዴም መኪና ፍለጋ እንዳይንከራተት፣ ሁለቱን በስልክ ያገናኛሉ። መጀመሪያ መተግበሪያ ሠርተው ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሥራውን ወደ አጭር መልእክት አዞሩት። አሁን ውጭ አገር ያለ ዘመድ 1 ሚሊዮን ብር ልስጣችሁ ብሏቸዋል። ውሉ ሴፍ የሚባለው ነው። ብሩ ዛሬ ይገባል፤ ድርሻው የሚቆረጠው ግን ወደፊት ትልቅ ኢንቨስተር ሲመጣ ነው።

የልጁ ጥያቄ ከራሱ ጉዳይ ሰፋ ያለ ነበር። ድሮ የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች መናኸሪያ በሆነው ሲልከን ቫሊ ውስጥ በሐሳብ ብቻ ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ገና ሳትጀምር ደንበኛ አምጣ፣ ገቢ አሳይ ትባላለህ አለ። ዘመኑ ለጀማሪ ከፍቷል ወይስ ድሮም እንዲሁ ነበር? ውሉንስ ልፈርም?

1ኛው መልስ የጨዋ መልስ ነበር። እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ጀመረና ድሮ ይቀል ነበር የሚለውን አልተቀበለም። ማስረጃው ለጀማሪ ድርጅቶች ገንዘብ ይሰጥ የነበረው አሜሪካዊው ኤአርዲሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመ ሲሆን የመራው ጆርጅ ዶሪዮ የሚባል የሃርቫርድ መምህር ነው። በ1957 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የሚባል የኮምፒውተር ሥራ ለጀመሩ ሁለት መሐንዲሶች 70,000 ዶላር ሰጠ። የወሰደው ድርሻ 70 ከመቶ ነው። መላሹ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ልጁን ጠየቀው። ዘመድህ ሰባ ከመቶ ቢልህ ትፈርም ነበር? ድርጅቱ በኋላ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጦ የኤአርዲሲ ድርሻ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደደረሰም ጨመረ። ታሪኩ የሚነገረው በዚህ መጨረሻው ነው እንጂ መሐንዲሶቹ ምን ያህሉን እንዳስረከቡ ማንም አያነሣም አለ። እውነቱን ነው።

2ኛው አውራ ጣት ብቻ ነው።

3ኛው ልጁን ደገፈ። እ.ኤ.አ. በ1998 አንዲ ቤክቶልሻይም ለጉግል መሥራቾች የ100,000 ዶላር ቼክ የጻፈው ድርጅቱ ገና ሳይመዘገብ ነው፤ በሐሳብ መስጠት ማለት ይሄ ነው አለ። 4ኛው ወዲያው አረመው። ጉግል ያኔ ሐሳብ አልነበረም፤ መፈለጊያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እየሠራ ሰው ይጠቀምበት ነበር። ቼኩን የጻፈውም ሰን የሚባለውን የኮምፒውተር ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ ልጆቹን ያገኛቸው በሚያውቃቸው መምህር በኩል ነው። እዚያም ቢሆን ገንዘብ በትውውቅ ነው የሄደው ብሎ ዘጋው። 3ኛው ሰው ደግሞ አልተመለሰም።

5ኛው መልስ የቡሬ የእህል ነጋዴ ናቸው። በዕድሜ ገፋ ያሉ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ልጁንም ልጄ እያሉ ነው የሚያናግሩት። ስለ ሲልከን ቫሊ የሚሉት የላቸውም። የጠየቁት ስለ ጭነቱ ነው። መቶ ኩንታል በቆሎ ጭኖ ከቡሬ የወጣ መኪና አባይ በረሃ ላይ ቢገለበጥ ወይም ሾፌሩ ቢጠፋ ማን ይከፍላል? ደላላውን ሁሉም ይሰድበዋል፤ ነገር ግን ዋስ ነው፤ ቤቱ ይታወቃል፤ ሄደው ይይዙታል። የስልክ መልእክትን ማን ይይዘዋል? ስለ ገንዘቡ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም አሉ። ላም ያለው ላም ለሌለው ለርቢ ይሰጣል፤ የወለደችውን ይካፈላሉ፤ አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

እኔ ብሆን ኢንቨስተሩም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህን የጭነቱን ነገር ይመስለኛል። ልጁ ያኔ አልመለሰላቸውም።

6ኛው መልስ የክሩ እምብርት ነው። ጸሐፊዋ ባሕር ዳር የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ድሮና ዘንድሮን በደግነት አትለኩት፤ ከኢንቨስተሩ ጀርባ ማን እንደቆመ እዩ አለች። መጀመሪያ ላይ ገንዘቡ የጥቂት ሀብታም ቤተሰቦችና ድርጅቶች ነበር፤ ትንሽ ነበር፤ ስለዚህ ትልቅ ድርሻ ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ፈንዶች ከገንዘባቸው የተወሰነውን እንዲህ ላለ ሥራ ቢያውሉ ሕግ እንዳልጣሱ የሚያስረዳ ማብራሪያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ነው ጎርፉ የመጣው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ድረ ገጽ ለመክፈት እንኳ ውድ ሰርቨርና ውድ ሶፍትዌር መግዛት ያስፈልግ ስለነበር ጀማሪው የሚጠይቀው በሚሊዮን ነበር። በ2000 የኢንተርኔት ድርጅቶች ዋጋ እንደ አረፋ ፈነዳ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ከገንዘቡ ሳይሆን ከወጪው ነው አለች። ነፃ ሶፍትዌር ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2006 አማዞን ሰርቨር በሰዓት ማከራየት ጀመረ። ጀማሪዎችን በገንዘብና በምክር የሚደግፈው አሜሪካዊው ዋይ ኮምቢኔተር ደግሞ በ2005 ለአንድ መሥራች 6,000 ዶላር ገደማ እየሰጠ፣ ከድርጅቱ 6 ወይም 7 ከመቶ እየወሰደ መጣ። የመወያያ ድረ ገጹ ሬዲት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ለአንድ ክረምት ቀለብና የቤት ኪራይ የሚሆን ብር ነው። ያ ብር ከሐሳብ ወደ ሥራ ለመሻገር የበቃው ሥራው ስለረከሰ ነው። አሁን ደንበኛ አሳይ የሚባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ማሳየት ሲረክስ ያላሳየ ሰው ይጠረጠራል። ይህችን አባባሏን ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

7ኛው የጡረታ ገንዘብና የኮምፒውተር ሥራ ምን አገናኛቸው ብሎ ጠየቀ። 8ኛው እሷው ናት። የጡረታ ፈንድ ትልቅ ነው፤ ከመቶ ሁለት ሦስቱን ብቻ ቢመድብም ለቬንቸር ካፒታል፣ ማለትም ለጀማሪ ብር ሰጥቶ ድርሻ ለሚወስደው ድርጅት፣ ባሕር ነው። ግን ገንዘቡ በአደራ የመጣ ነው። ቬንቸር ካፒታሉ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ዓመት ውስጥ ሸጦ መመለስ አለበት። ስለዚህ ኢንቨስተር ሲመጣ ስንት ይሰጠኛል ብቻ ሳይሆን መቼና ለማን ይሸጠኛል ብላችሁ ጠይቁ አለች።

ከ9 እስከ 12 ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ የጤፍ ዋጋ አነሣ። ሌላው የእንጅባራ ከሰል አነሣ፤ እሱ ግን ሙሉ በሙሉ ከጉዳዩ የወጣ አልነበረም። እርሻው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ከሰል አክስሎ እንደሸጠ ጻፈ። ያን ሁሉ ዓመት ምንም ገቢ አላሳየሁም፤ ማንም ፒች አድርግ፣ ሐሳብህን ለኢንቨስተር አስረዳ አላለኝም አለ። 12ኛው አፈሩስ ብሎ ሊከራከረው ሞከረ፤ ሰሚ አላገኘም።

13ኛው ወደ ቡሬው ነጋዴ ተመለሰ። 5ኛው መልስ ትክክል ነው፤ ርቢ ማለት ቬንቸር ካፒታል ነው አለ። 14ኛው ደብረ ማርቆስ ያለ ጠበቃ ነው፤ አልተስማማም። እንደየአካባቢው ስምምነቱ ቢለያይም ላሟ ያለ አርቢው ጥፋት ብትሞት ጉዳቱ የባለቤቷ ነው፤ ድርጅት ጨርሶ ቢወድቅም ኢንቨስተሩ ብሩን ያጣል፤ እዚህ ድረስ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ መሐል ላይ ነው አለ፤ ድርጅቱ ሳይሞትም ሳያድግም በትንሽ ዋጋ ሲሸጥ። ምሳሌውን በቁጥር አስቀመጠው። ኢንቨስተሩ 5 ሚሊዮን ብር አስገብቶ 20 ከመቶ ያዘ እንበል። ድርጅቱ በ6 ሚሊዮን ተሸጠ። በድርሻው ቢሄድ የሚያገኘው 1 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ነው። ውሉ ላይ ግን አስቀድሞ የከፈለውን ይወስዳል የሚል አንቀጽ አለ። ስለዚህ 5 ሚሊዮኑን ያነሣል፤ ለመሥራቾቹ 1 ሚሊዮን ይቀራል። አንቀጹ ከበድ ያለ ከሆነ ደግሞ 5 ሚሊዮኑን አንሥቶ ከቀሪው ላይም 20 ከመቶውን ይካፈላል። ርቢ ላይ እንዲህ የለም ብሎ ደመደመ።

15ኛው ከሜጫ ነው፤ ጠበቃውን አፍ አስያዘው። ርቢ ሲፈርስ እናቲቱ ላም ለማን ነው የምትመለሰው? ለባለቤቷ። ከዚያ በኋላ ነው ጥጆቹ የሚቆጠሩት። ይኸው አስቀድሞ መውሰድ ነው አለ። ጠበቃው ተሸንፌያለሁ ማለት ባይወድም ሐሳቡን እንደሚያስብበት ጻፈ። በክሩ ውስጥ የሳቅኩት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ 16ኛው መጣ። አሜሪካ የሚኖር ነው፤ ሰላምታም የለው። ማልቀስ ይብቃችሁ አለ። ዋይ ኮምቢኔተር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ 500,000 ዶላር ይሰጣል፤ 125,000ው በ7 ከመቶ ድርሻ፣ 375,000ው በሴፍ። ማመልከቻው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ዘመድ አይጠይቅም፤ ሙሉት። 17ኛው እኩል ተቆጥቶ መለሰለት። ከመቶ አመልካች አንድ ሁለቱ ነው የሚገባው፤ ድርጅቱም አሜሪካ ወይም እነሱ በሚቀበሏቸው ጥቂት አገሮች መመዝገብ አለበት፤ ቪዛውንስ አንተ ታወጣለታለህ? አፍሪካ ውስጥ ላሉ ጀማሪዎች ከሚገባው ገንዘብ አብዛኛውን ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ እንደሚወስዱትም አስታወሰው። 16ኛው ሰው 18ኛውን መልስ ራሱ ጻፈ፤ ትንሽ ረገብ ብሎ። እ.ኤ.አ. በ2021 ወለድ ዜሮ አካባቢ ስለነበር ማንም ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን እያሳደገ በ2023 ከ5 ከመቶ ሲያሳልፈው ሁሉም እጁን ሰበሰበ፤ ቀሪውም ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዞረ፤ እኔም ሥራዬን ያጣሁት ያኔ ነው አለ። የንዴቱ ምንጭ የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። 17ኛው አይዞህ ወንድሜ ብሎታል።

19ኛዋ ከሞጣ ናት፤ ልብስ ትሰፋለች። የመጀመሪያ የስፌት መኪናዋን የገዛችው በዕቁብ ነው። ስድስተኛ ዕጣ ደርሷት ሳለ አንደኛ የወጣላቸው እናት አንቺ ቅደሚ ብለው ለቀቁላት። ድርሻ አልጠየቋትም፤ እስካሁን የጥምቀት ቀሚሳቸውን ግን በነፃ ትሰፋለች። 20ኛው ይሄ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዕቁብ የሚሠራው ሁሉም በየሳምንቱ መክፈል ሲችል ነው አለ። ከዳንግላ ነው። በቡድን ዋስትና አምስት ሆነው ተበድረው፣ አንዱ ጠፍቶ፣ አራቱ የሱን ዕዳ እንደከፈሉ ተረከ። ጠፊው ዛሬም ገበያ ላይ ሲያየው አንገቱን ይደፋል አለ። 21ኛው ብድሩም ተለውጧል ብሎ ጨመረ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ደግሞ ቤትና መሬት ብቻ ሳይሆን ከብት፣ ሰብልና ተሽከርካሪም መያዣ ይሆናሉ። ለባለ አይሱዙው ይጠቅማል። ለልጁ ግን አይጠቅምም፤ ያለው ኮምፒውተርና የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር ነውና።

ከ22 እስከ 25 ባሕር ዳር ጎጃም ነው አይደለም የሚለው ነው። አንዱ የሒሳብ ባለሙያዋን ምን አገባሽ አላት። አልተርከውም። አወያዩ ሁለት መልስ አጥፍቶ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ አለ።

26ኛው እሷ ናት፤ ስድቡን አልፋ ሴፉን በቁጥር ሠራችው። ውሉ የድርጅቱን ግምት ከ10 ሚሊዮን ብር አይበልጥም ካለ፣ የዘመድህ 1 ሚሊዮን 10 ከመቶ ነው። እሺ። ግን ሴፍ ቀላል ስለሆነ ሰው ይደጋግመዋል። ሁለት ሌላ ሰው በተመሳሳይ ውል ቢጨምር ሦስቱ ባንድነት 30 ከመቶ ሆኑ። ከዚያ ትልቁ ኢንቨስተር መጥቶ 20 ከመቶ ሲወስድ ከ70ው ላይ የሚቀርላችሁ 56 ነው፤ ለሦስት። ዋይ ኮምቢኔተር ሴፍን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያወጣው ይህ ስሌት ለጀማሪው ቶሎ አይታየውም ነበር፤ በ2018 ያሻሻለውም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ሳይሆን አንዴ ውሰድ፤ ወረቀት ላይም ጻፈው አለችው።

27ኛው ጠበቃው ነው። ሴፍ ለአሜሪካ ሕግ የተሰፋ ውል ነው፤ ነገ ብትጣሉ እዚህ ያለው ዳኛ ብድር ይበለው የአክሲዮን ቃል ኪዳን ይበለው መገመት ያዳግታል አለ። ዘመድህ የውጭ ዜጋ ሆኖ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ከሌለው ደግሞ በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት የውጭ ባለሀብት በመደበኛው 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከተጣመረ 150,000 ዶላር ያስፈልገዋል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሆኖ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ከተመዘገበ ግን ይህ አይነካውም። መጀመሪያ ይህን አጣራ።

28ኛው አጭር ነበር፤ ለእኔ ከ6ኛው ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ከአዲስ አበባ የጻፈ ነው። ሁላችሁም ስለ መግቢያው ታወራላችሁ፤ መውጫው የታለ አለ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ወጥቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2017 ተከፍቷል፤ ግን ቀድሞ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። የሦስት ልጆች የጭነት ሥራ ነገ እዚያ አይደርስም። ዘመድህ ከሰባት ዓመት በኋላ ብሬን ቢልህ ድርሻውን ማን ይገዛዋል? የሚገዛው ከሌለ ወይ አንተ ከትርፍ ትከፍለዋለህ፣ ወይ ቤተሰብ ይጣላል። አሜሪካ ውስጥ ያ ሁሉ ገንዘብ ለጀማሪ የፈሰሰው መጨረሻ ላይ የሚገዛ ትልቅ ድርጅት ወይም ገበያ ስላለ ነው። እኔ የምስማማው ከዚህ ጋር ነው። እኛ ዘንድ ቼኩን ኮርጀን ገዢውን ረስተነዋል።

29ኛው ተስፋ አታስቆርጠው አለ። 30ኛው ተስፋ ሳይሆን ሒሳብ ነው አለ።

31ኛው ላይ ልጁ ተመለሰ። ሁሉንም አመስግኖ፣ ለቡሬው ነጋዴ ጋሼ ብሎ ለብቻ መለሰ። እስካሁን ጭነት አልጠፋባቸውም፤ ቢጠፋ የሚከፍሉበት ግን የላቸውም። ስለዚህ አሁን ሴፉን ትቶ ከዘመዱ ጋር በትርፍ ክፍያ ለመዋዋል አስቧል፤ ገንዘቡ እስኪመለስ ከገቢው በየወሩ የተወሰነ ከመቶ ይሰጠዋል፤ ድርሻ አይነካም። ከብሩም ግማሹን ለጠፋ ጭነት መያዣ ሊያስቀምጥ ነው። የሒሳብ ባለሙያዋ በ32ኛው የገቢ ነው ወይስ የትርፍ ብላ ያዘችው። ገቢ ካልክ በከሰርክበት ወርም ትከፍላለህ፤ ወስን አለችው። ጥሩ ጥያቄ ነበር። እስካሁን አልመለሰውም።

33ኛው ጠበቃው ነው። ከዘመድህ በፊት የሦስታችሁ ውል የታለ አለው። ልጁ መጀመሪያ ላይ እኩል እንደሆኑና አንዱ ጓደኛቸው ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ እንደሄደ ጽፎ ኖሮ ጠበቃው አልሳተውም። ውጭ አገር ያለው ልማድ የመሥራች ድርሻ በአራት ዓመት ቀስ እያለ እንዲጸና ነው፤ ዓመት ሳይሞላው የወጣ ምንም አይወስድም። የሄደው ልጅ ሲሶውን ይዞ ከተቀመጠ የሚመጣ ኢንቨስተር ሁሉ የሚጠይቀው መጀመሪያ እሱን ነው አለ።

34ኛው መልስ የሄደው ልጅ ነው። ክሩን ሰው ልኮለት ነው ያየው። ስለ 1 ሚሊዮኑ የሰማው ዛሬ እንደሆነ፣ የመልእክት መላኪያውን የጻፈው እሱ እንደሆነ፣ ሲሶው የሱ እንደሆነ ጻፈ። ስድብ የለበትም፤ ግን አንድም ሰላምታ የለበትም። ስልክ አንሣ ብሎ ጨረሰ።

35ኛው የቡሬው ነጋዴ ናቸው። ሦስታችሁም ቅዳሜ ቡሬ ኑ፤ ምሳ እኔ ቤት ነው፤ ጾም ከሆነም ሽሮ አይጠፋም አሉ። ጠበቃውንም ጠርተውታል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ ስለ ጠፋው ጭነት የምትሉትንም እዚያው ትነግሩኛላችሁ ብለዋል። አወያዩ ክሩን አልዘጋውም፤ ከዚያ በኋላ ግን የጻፈ የለም።